አረፋ የሌለው እጥበት

ጭንቀት ከቤታቸው ሲያልቅ ከጎረቤት የሚበደሩ ሴት ነበሩ። ሰማዩ ሲጠቁር ጎርፍ ይታያቸዋል፤ ሲጠራ ድርቅ። ስልክ ከጮኸ መርዶ ነው፤ ሳይጮኽ ከዋለ ደግሞ መርዶውን ደብቀዋቸው ነው። አፋቸውን የሚፈቱት ሁልጊዜ «ምነው» ብለው ስለሆነ የሰፈሩ ሰው «እማማ ምነው» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ስሙም በልካቸው እንደተሰፋ ቀሚስ ተስማማቸውና በዚያው ጸና።

የጭንቀታቸው ሁሉ አውራ የልጅ ልጃቸው ሚጢ ናት። እናቷ በጨቅላነቷ ሞታባት በእማማ ጉያ ያደገች፣ ደቃቃ በመሆኗ «ሚጢ» የተባለች፣ ስታድግም ስሙ ያልለቀቃት ልጅ። አሁን በአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ራስ አጣቢ ናት። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተንጋልላ አንገቷን ገንዳው ላይ ታሳርፋለች፤ ሚጢ ታጥባለች፣ ታለቀልቃለች፣ በፎጣ ጠቅልላ ለፀጉር ቤቱ ባለቤት ለማዳም ታስረክባለች። ማዳም ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ እስክታስገባት ቀጣዩዋ ገንዳው ላይ ተንጋልላ ትጠብቃለች። ሚጢ ግን ዕድሜ ልኳን አጣቢ ሆና ልትቀር አላሰበችም። ማዳም ፋታ ስታገኝ ቆረጣ ታስተምራታለች፤ ዓይኗም ጣቷም ፈጣን ነው ትላለች። ፀጉር ሠሪ መሆን ነው የልጅቷ ሐሳብ። ሌላ ሙያ ሲያነሱባት ጆሮ አትሰጥም።

እንግዲህ እንዲህ ላለች ልጅ ከእጇ የሚበልጥ ምን ሀብት አላት? መሰነጣጠቅ የጀመረው ደግሞ ያው እጇ ነው።

መጀመሪያ በጣቶቿ መካከል ቀላ። ቀጥሎ አሳከካት። ከዚያ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ውሃ እንደጠማው ማሳ ተተረተረ፤ ስትጨብጥ ይደማል። ማንኪያ መያዝ ሲያቅታት እማማ ጉርሻ ማጉረስ ጀመሩ፤ እያጎረሱም ይፈራሉ።

«ምነው ይሄ እጅ? ምነው ልጄ፣ ክፉ በሽታ እንዳይሆን! አንዲት የማውቃት ሴት ልክ እንደዚህ በጣቷ ጀምሯት...»

«እማማ፣ የሴትዮዋን ታሪክ አውቀዋለሁ። መጨረሻ ላይ ትሞታለች።»

«ኧረ አልሞተችም!»

«ታዲያ ምን ያስፈራል?»

«ክንዷ ነው የተቆረጠው።»

ሚጢ እያሳቃትም እያመማትም ወደ ቆዳ ሐኪም ሄደች። እማማ አብሬሽ ካልሄድኩ ብለው ጫማቸውን ሳይቀር አጥልቀው ነበር፤ ልጅቷ ግን በጓሮ በር ወጥታ አመለጠቻቸው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በዚያ ቤት ወሬ ወደ እማማ ጆሮ የሚገባው እንደ ዱቄት ተነፍቶ ነው። ሻካራው ይቀርና ልሙ ብቻ ይደርሳቸዋል። የደም ግፊት አለባቸው፣ እንቅልፍ ይነሳቸዋል፣ ይታመሙብኛል ብላ ነው ሚጢ የምታጣራው። ያን ቀንም ስትመለስ ያለቻቸው ይህንኑ ብቻ ነው።

«ሻምፖው ትንሽ አልተስማማሽም፣ ራቅ ብትዪ ጥሩ ነው አለችኝ ሐኪሟ። ቀላል ነገር ነው።»

«ቀላል ከሆነ ምነው ፊትሽ ገረጣ?»

«ፀሐዩ ነዋ።»

በማግስቱ ሚጢ የቤቱን የሻምፖ ጠርሙስ ወስዳ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ከዚያ ጓዳ ገብታ ድስት ጣደች። ተልባ ቀቀለች፤ እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ በስስ ጨርቅ አጠለለችው። የሽምብራ ዱቄት በጥብስ ቅጠል ውሃ በጠበጠች። ሁለቱን ቀላቅላ ስታማስል እማማ በሩ ላይ ቆመው በዓይናቸው ይከተሏታል።

«ይሄ ራት ነው ወይስ የራስ መታጠቢያ?»

«የራስ መታጠቢያ።»

«ሰው ይታጠብበታል?»

«ሽምብራው ቅባቱን ይመጥጣል፣ ተልባው ፀጉሩን ያለሰልሳል። የድሮ ሰው በምን ይታጠብ ነበር መሰለሽ?»

«የድሮ ሰው እኔ ነኝ። በሳሙና ነው የታጠብኩት።»

ሚጢ መጀመሪያ በራሷ ላይ ሞከረችው። እማማ ከማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ፀጉር እየለቀሙ መስኮት ሥር ወስደው ያዩታል፤ ከትናንቱ በዝቶ እንደሆነ በመዳፋቸው ያመዛዝኑታል። አልበዛም። እንዲያውም የልጅቷ ፀጉር ልስልስ ብሎ ያብለጨልጭ ጀመር። ይህም አስጨነቃቸው። ጥሩ ነገር ቶሎ ሲመጣ ኋላው አያምርም ባይ ናቸው።

ማዳም ነገሩን በግማሽ ልብ ተቀበለችው። የሚጢን ጣት አይታ አንጀቷ ስላልቻለ፣ «እስቲ ይሞከር» አለች። ጓንት ሚጢ ቀድማ ሞክራው ላስቲኩ ይብስ አሳክኳት ትታዋለች። ስለዚህ በየጠዋቱ ቤት ያዘጋጀችውን በትንሽ ጄሪካን ሞልታ ወደ ሥራ ይዛ ትሄዳለች።

እማማ ምሳ አደርሳለሁ በሚል ሰበብ ወደ ፀጉር ቤቱ ብቅ ማለት አበዙ። ምሳው እንኳ ልጅቷ ራሷ ይዛው ልትሄድ የምትችለው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ሲገቡ ገንዳው ላይ የተንጋለለችው የፀጉር ቤቱ አንጋፋ ደንበኛ ዳኛዋ ነበረች። ምላሷ እንደ መዶሻዋ ነው የምትባል ሴት።

«ልጄ፣ ይሄ የምትደፊብኝ ምንድን ነው?»

«ተልባና ሽምብራ ነው፣ ቤት ያዘጋጀሁት። ኬሚካል የለበትም።»

«ራሴን ሾርባ ልታደርጊው ነው እንዴ? አረፋውስ የታለ?»

«አረፋ የለውም፤ ግን ያጸዳል።»

«አረፋ ከሌለው መጽዳቴን በምን አውቃለሁ?»

ሌሎቹ ደንበኞች ሳቁ። ማዳም አልሳቀችም። ዳኛዋ ከወጣች በኋላ ሚጢን ወደ ፎጣ መደርደሪያው ጠጋ አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረቻት፤ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ከእማማ ጆሮ አያመልጥም።

«አዝንልሻለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን ሰው እዚህ የሚመጣው ለአረፋውም ጭምር ነው። ሁለት ሦስት እንደዚህ ከሆኑብኝ ሌላ አጣቢ መፈለጌ አይቀርም። አትቀየሚኝ።»

እማማ የምሳ ዕቃውን መስጠታቸውን ረስተው ከነምሳው ወደ ቤት ተመለሱ። መንገዱን ሁሉ ልባቸው ተሰቅሎ ነበር። ልጄ ከሥራ ከወጣች ተስፋ ትቆርጣለች፤ ተስፋ ከቆረጠች ትከሳለች፤ ከዚህ በላይ ከከሳች ደግሞ ምን ይተርፋታል? ነገሩን እያገላበጡ፣ እያስረዘሙ፣ ቀብሯ ድረስ ወስደውት ሱቁ በር ላይ ደረሱ። ባለሱቁ በትንንሽ ላስቲክ የሚሸጠው ሻምፖ በረድፍ ተንጠልጥሏል።

እማማ ቆሙ። አረፋ። የጠፋው አረፋ ብቻ ነው። ሐኪሟም ራቅ በይ አለች እንጂ ጨርሰሽ ተዪ አላለች። አንዲት ጠብታ በአንድ ጄሪካን ውስጥ ምን ታደርጋለች?

«ሽታው የማይበረታውን ስጠኝ» አሉ።

በማግስቱ ሚጢ ፊቷን ስትታጠብ እማማ ላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደው ጄሪካኑ ውስጥ ጨመቁት፤ ከድነው አንዴ ናጡት። ባዶውን ላስቲክ መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩ። ከዚያ ሁሉ የጭንቀት ዘመን በኋላ አንድ ነገር *ማድረግ* ምን ያህል እንደሚያቀል ያን ጠዋት አወቁ።

ማታ ሚጢ እየበረረች ገባች።

«እማማ! ሽምብራው አረፋ ማውጣት ጀመረ! መጠኑን አገኘሁት መሰለኝ፤ ለካ ዱቄቱ ሲበዛና ሲናጥ ነው የሚያረፋው!»

ሽምብራ ሲናጥ በእርግጥ ጥቂት ያረፋል፤ ሚጢም ይህን አይታ ታውቅ ስለነበር አልጠረጠረችም። ሽታውን ደግሞ የጥብስ ቅጠሉ ዋጠው።

«ምነው፣ ጥሩ ነዋ» አሉ እማማ፣ ወደ ግድግዳው እያዩ።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ሁሉ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ነው። ዳኛዋ ተመልሳ መጣች፤ አረፋውን አይታ «አሁን ገና ሾርባው በሰለ» አለች። ማዳም መስተዋቱ ላይ በትልልቅ ፊደል «በቤት ውስጥ የተዘጋጀ፣ አንዲት ጠብታ ሻምፖ የሌለበት የፀጉር እጥበት» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች። ወሬው ተዛመተ። የመጣ ሁሉ አረፋ ይፈልጋል። አረፋው በሳሳ ጊዜ ሚጢ ፊቷ ይጨልማል፣ ፊቷ ሲጨልም እማማ ላስቲኩን ሁለት ያደርጉታል። ሁለቱ ሦስት ሆኑ። ባለሱቁ «እማማ፣ ፀጉርዎ ስንት ክንድ ነው?» ብሎ እስኪቀልድባቸው ድረስ።

እጇ ግን አልዳነም።

እማማ ይህን ሲያዩ መጀመሪያ ለራሳቸው ሐሰት ነገሩት፦ ቁስል ሲድን ይብሳል። ከዚያ ሌላ ሐሰት፦ ብርዱ ነው። ሚጢ የበር ቁልፍ ማዞር አቅቷት በክርኗ ስታንኳኳ የሰሙ ቀን ግን የሚነግሩት ሐሰት አለቀባቸው። ሐኪም ቤት የቀጠሮዋ ቀን ሲደርስ በጓሮ በር እንዳታመልጥ ቀድመው ጓሮ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቋት።

የሐኪሟ ክፍል ጠባብ ነበር። እማማ በማዕዘኑ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ሐኪሟ የሚጢን እጅ በሁለት እጇ ተቀብላ መብራት ሥር አዟዟረችው።

«ይሄ ብሷል እኮ። ሻምፖ ነክተሻል?»

«አልነካሁም።»

«እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም። ጠብታም?»

«ጠብታም። በቤት በሠራሁት ብቻ ነው የማጥበው።»

«ምክንያቱም ባለፈው ነግሬሻለሁ፤ ቆዳሽ አንዴ ጠልቶታል። አንድ ጠብታ ሲገባበት ለእጅሽ ሙሉ ጠርሙስ እንደደፋሽበት ነው። ጭራሽ መቅረት አለበት ያልኩሽ ለዚህ ነው።»

የእማማ ጆሮ ጭው አለ። ጭራሽ። ለእሳቸው የተነገራቸው «ራቅ» ነበር። ይህን «ጭራሽ» የሚባል ቃል ማን ነፍቶ አስቀረው? ቦርሳቸው ውስጥ፣ መሐረባቸው ቋጠሮ ውስጥ፣ የዛሬ ጠዋቱ ባዶ ላስቲክ አለ። አሁን ተናገሪ አሉ ለራሳቸው። አሁን።

«ምነው ዶክተር፣ እኔ...»

«እማማ፣ እባክሽ፣ አሁን አይደለም» አለች ሚጢ ሳትዞር። እንደ ልማዳቸው ሊጨነቁ መስሏታል።

እማማም አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ያሠቃያቸው ዝም ማለታቸው ብቻ አልነበረም። ዝም በይ ሲባሉ ደስ ማለታቸውም ነው።

ሐኪሟ ተነፈሰች። «እንግዲያው ያ የምትሠሪው ነገር ራሱ፣ ወይ ውሃው ብቻውን ነው የሚጎዳሽ። እንደዚያ ከሆነ ራስ ማጠብ ያንቺ ሥራ አይደለም። ፀጉር መሥራትም ከውሃ አይርቅም። ቁስሉ ሳይመረዝ ሌላ ሙያ ፈልጊ፤ ልጅ ነሽ።»

ሚጢ አላለቀሰችም። ቢያለቅሱ ይሻላቸው ከነበሩት ሰዎች አንዷ ናት። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ እጀታውን በመዳፏ ሳይሆን በክንዷ አቅፋ፣ በመስኮት እያየች፣ «ሽምብራ» አለች። «በሽምብራ ልድን ነበር እኮ።» ሳቀች። ያ ሳቅ እማማ በዕድሜያቸው ከሰሟቸው ለቅሶዎች ሁሉ የከፋ ነበር ይላሉ።

ቤት እንደገባች ጄሪካኑን አንስታ ቦይ ውስጥ ደፋችው። የተልባውን ከረጢት፣ ዱቄቱን፣ ጨርቁን፣ አንድ ላይ ጠቅልላ ጣለች።

«ምነው፣ ሥራውስ?» አሉ እማማ።

«እንደምለቅ ለማዳም ደውዬ ነግሬያታለሁ። ሌላ አጣቢ እስክታገኝ አጥባለሁ። በሻምፖው።»

«በሻምፖው?!»

«ምን ለየው? የራሴም ካልሆነኝ፣ ቢያንስ ሻምፖው ተልባ አያስቀቅለኝም።»

እማማ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በልባቸው አንድ መውጫ ቀዳዳ ይዘው ነበር፤ ከነገ ጀምሬ ላስቲኩን እተዋለሁ፣ እጇ በዝግታ ይድናል፣ ማንም ሳያውቅ ያልፋል የሚል። ቀዳዳዋ ተደፈነች። ልጅቷ በእሳቸው ኃጢአት የራሷን መድኃኒት ከስሳ፣ ፈርዳ፣ ቦይ ደፍታዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ሚጢ ስትወጣ እማማ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ሄዱ። እኩያቸው ናት፤ በመኪናዋ ላይ አጎንብሳ እየሰፋች ነው የምትሰማው፣ ነገር ሲከብድ ብቻ ነው እግሯን ከመርገጫው የምታነሳው። እማማ ሁሉንም ነገሯት። መኪናው ቀጥ አለ።

«ላሳምር ብላ ስትኳል ዓይን ያጠፋችው አንቺ ነሽ ለካ!»

«ሳደርገው ጠብታ ነበር እኮ።»

«ጠብታ! ላንቺ ጠብታ ማለት ስንት ነው፣ እግዜር ይወቅ። ሂጂ ንገሪያት።»

«ማዳምስ? ማስታወቂያ ለጥፋለች። ‹ጠብታ የሌለበት› ብላ። ልጄን አጭበርባሪ ብለው ያባርሯታል፤ ሌላ ፀጉር ቤትም አይቀበሏትም። ስሟ ይጠፋል።»

«ዝም ካልሽስ?»

«እጇ...»

«እንግዲህ ሁለት ፍርሃት አለሽ። ሁለቱን ተሸክመሽ በአንድ በር አትገቢም። አንዱን እዚህ አስቀምጪልኝና ሂጂ፤ እኔ እጠብቅልሻለሁ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

እማማ ወጡ። ልጅቷን ለብቻዋ ጠርተው፣ በፎጣ መደርደሪያው ጓሮ፣ ቀስ ብለው ሊነግሯት ነበር ሐሳባቸው። ቃሉን መንገድ ላይ እየደጋገሙ አጠኑት። «ልጄ፣ ሳትቆጪ ስሚኝ።» መንገደኛ ዞር እያለ ያያቸዋል።

የፀጉር ቤቱን በር ሲገፉ ዳኛዋ ገንዳው ላይ ተንጋልላለች። ሁለት ካስክ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። ማዳም ቢጎዲን ትፈታለች። ሚጢ የሻምፖውን ጠርሙስ መክደኛ በጥርሷ ከፍታ በተተረተረው መዳፏ ላይ ልታፈሰው ዘንበል አድርጋለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች።

የተጠናው ቃል ሁሉ ከእማማ ጠፋ።

«አትንኪው! ልጄ አትንኪው! ተልባው አይደለም፣ እኔ ነኝ! አረፋው የሽምብራ አልነበረም!»

አንድ ሰው ካስኮቹን አጠፋቸው።

«እማማ?» አለች ሚጢ።

«ሻምፖ እጨምርበት ነበር። ጠዋት ጠዋት፣ ፊትሽን ስትታጠቢ። ከሥራሽ እንዳትወጪ ብዬ።» መሐረባቸውን ሊፈቱ ሞከሩ፤ ቋጠሮው እምቢ አለ፤ ቦርሳቸው ወለሉ ላይ ወድቆ ባዶ ላስቲኮቹ ተበተኑ።

ዳኛዋ ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ቀና አለች። በሕይወቷ ብዙ ሰው ሲናዘዝ ሰምታለች፤ ተንጋልላ ስትሰማ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየቀኑ?» አለች።

«በየቀኑ።»

«እኔ ስታጠብም?»

«እርስዎ ስለ አረፋው ተናግረው ነው የተጀመረው።»

ዳኛዋ አንድ ነገር ልትል አሰበችና ተመልሳ ተንጋለለች።

«ማስታወቂያ ለጥፌ!» አለች ማዳም። ፊቷ ቀልቷል። «‹አንዲት ጠብታ› ብዬ! እማማ፣ ምን ልበልዎት? ዕድሜዎ አፌን ያዘው። ሚጢ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አታውቅም» አሉ እማማ። «በነፍሴ እምላለሁ፣ አታውቅም። የሚባረር ካለ እኔን አባሪኝ።»

«እርስዎ መቼ ተቀጥረው?» አለች ማዳም፤ ንዴቷ ባይበርድም ከካስኩ ሥር የአንዷ ሳቅ አመለጠ።

ሚጢ ጠርሙሱን ከደነች። የዳኛዋን ራስ በንጹህ ውሃ አለቀለቀች፣ በፎጣ ጠቀለለች፣ አንገቷን ደግፋ አስነሳቻት። ሥራዋን ጨረሰች። ከዚያ በኋለኛው በር ወጣች። እማማ ተከተሏት። ፎጣዎቹ ገመድ ላይ ተሰጥተዋል፤ በመካከላቸው ቆማ ጀርባዋን ሰጥታቸዋለች።

«ሐኪሟ ፊት ተቀምጠሽ ነበር» አለች።

«ነበርኩ።»

«ጠብታም ነክተሻል ስትለኝ አልነካሁም ብዬ ስምል ትሰሚኝ ነበር።»

«እሰማሽ ነበር።»

«እጄ እኮ ነው እማማ! ቁልፍ ማዞር አቅቶኝ! የራሴን ጥበብ ነው የጠላሁት፤ ለምንም አልሆንም ብዬ ሌሊቱን... ለምን አልጠየቅሽኝም? አንድ ቀን፣ ጠብታ ቢገባበት ምን ይሆናል ብለሽ?»

ከእማማ ሆድ አንድ ነገር ወጣ፤ ይቅርታ ሊሉ ከፍተውት ሌላ ሆኖ ወጣ።

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? ‹ጭራሽ› ማለቷን ለምን ደበቅሽኝ? ‹ራቅ› ነው ያልሽኝ።»

«ትጨነቂያለሽ ብዬ ነዋ!»

«ሳትነግሪኝ አልተጨነቅኩም?»

ሚጢ ዞረች። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር፤ ግን አልተቃቀፉም። ሚጢ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ «አሁን ቤት ሂጂ። እዚህ አትምጪ» አለች። እማማ ሄዱ።

ማዳም የዚያኑ ዕለት ማስታወቂያውን ከመስተዋቱ ላይ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ሙጫው ግን አልለቅ ብሎ ቀረ። ለደንበኞቿ ሁሉ እውነቱን ነገረች፤ ግማሾቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹ ተቆጥተው ሌላ ፀጉር ቤት ለመዱ። ለሚጢ የሰጠቻት ፍርድ ግማሽ ነበር፦ ጥግ ባለው ሁለተኛ ገንዳ ላይ፣ አረፋ እንደሌለው አስቀድማ እየተናገረች፣ የወደደውን ታጥባለች። አረፋ የሚፈልገውን ራስ ማዳም ራሷ ለጊዜው ታጥባለች። ማንም ካልወደደ ግን፣ «እኔ የከፈትኩት ፀጉር ቤት ነው፣ ሆስፒታል አይደለም።»

ሁለተኛው ገንዳ ላይ በመጀመሪያ የተንጋለለችው ዳኛዋ ናት አሉ። «የውሸቱን ካየሁት እውነተኛውንም ልየው» ብላ። ከታጠበች በኋላ ግን አረፋውን አልናፈቅኩም ብላ አልዋሸችም።

እማማ ይህን ሁሉ የሰሙት ከልብስ ሰፊዋ ነው እንጂ ከሚጢ አልነበረም። ልጅቷ ድስቷንና አዲስ የገዛችውን ተልባ ይዛ እጥበቱን የፀጉር ቤቱ ጓሮ ማብሰል ጀምራለች። ቤት ስትገባ ሰላም ትላለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። እማማ እጇን በስርቆት ያያሉ፤ ስትበላ፣ ስትለብስ፣ እጅጌዋን ስትሰበስብ። ስለ እጇ አልጠየቁም። መጠየቅ ሲመጣባቸው ተነስተው አንድ ነገር ይጠርጋሉ፤ ቤቱ እንደዚያ ጸድቶ አያውቅም።

አንድ ጠዋት፣ የዕረፍት ቀኗ ነው፣ ሚጢ መጥታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አኖረች።

«ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር» አለች። «ልንገርሽ? ሁሉንም ነው የምነግርሽ።»

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቀኙ እየዳነ ነው። ግራው ግን ገና ነው፤ እዚህ ጋ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ አልዘጋም። ሐኪሟ ሊመለስ ይችላል ብላለች። ዕድሜ ልክሽን ሊመላለስብሽ ይችላል ነው ያለችው። ማዳም ደግሞ አንዲት አጣቢ አነጋግራለች። ትቀሪያለሽ አላለችኝም፣ ትሄጃለሽም አላለችኝም። አላውቅም። ፈርቻለሁ።»

በእማማ ደረት ውስጥ የቆዩት ፍርሃቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። ዕድሜ ልክ። ሌላ አጣቢ። ከአውራ ጣት ሥር፤ ደም ሥር የሚያልፍበት ቦታ አይደለም እንዴ? ያቺ ክንዷ የተቆረጠ ሴት... ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ያዙና ዋጡት፤ እንደ ትልቅ ክኒን ቀስ ብሎ ወረደ።

«እሺ» አሉ። «ሐኪሟ ሌላስ ምን አለች?»

ሚጢ አየቻቸው። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አደረገችና የቀረውን፣ ክፉውንም ደጉንም፣ ሳትነፋ ነገረቻቸው።